20.94፣ 20.97፣ 20.99፦ የምንጊዜም ምርጥ ፈጣን ቦውለር ማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በሦስት ቁጥሮች ልጀምር። 20.94፣ 20.97 እና 20.99። የመጀመሪያው የማልኮም ማርሻል ነው። ሁለተኛው የጆኤል ጋርነር፣ ሦስተኛው የከርትሊ አምብሮስ። ሦስቱም ለዌስት ኢንዲስ፣ ለካሪቢያን አገሮች የጋራ የክሪኬት ቡድን፣ የተጫወቱ ፈጣን ቦውለሮች ናቸው። ቁጥሩ አንድ መቺ ለማስወጣት በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረባቸው ይናገራል። ሲያንስ ይሻላል። በማርሻልና በአምብሮስ መካከል ያለው ልዩነት ታዲያ ለመቶ ዊኬት፣ ማለትም መቶ ሰው ለማስወጣት፣ 5 ነጥብ ብቻ ነው። አንዲት ኳስ የመምቻውን ጠርዝ ነክታ ድንበር ካለፈች 4 ነጥብ ናት። በዚህች ቅንጣት ልዩነት ሰውን ከሰው ማስቀደም ይቻላል? እኔ አይቻልም ባይ ነኝ።

ግን የጠራችሁኝ እንድመርጥ ነው። "ሁሉም በዘመኑ ታላቅ ነበር" ብዬ ብወርድ በባዶ እጃችሁ ሸኘሁዋችሁ ማለት ነው። ስለዚህ እመርጣለሁ። ከዚያ ደግሞ ተራው የእናንተ ነው፤ ትሞግቱኛላችሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ሁለት ደቂቃ ልውሰድ፤ የምታውቁት ታገሱን። ቦውለር ማለት ኳሷን የሚወረውረው ሰው ነው። ሮጦ ይመጣና ክንዱን ዘርግቶ፣ ከትከሻው በላይ አዙሮ ይለቃታል። ክርኑን አጥፎ እንደ ድንጋይ መወርወር ክልክል ነው። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል። እንጨቱ ከተመታ ይወጣል። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ይወጣል። ወደ እንጨቱ ትሄድ የነበረችውን ኳስ በእግሩ ካገደም ይወጣል። ይህ አንድ ዊኬት ነው። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። ቴስት ደግሞ እስከ 5 ቀን የሚዘልቀው አንጋፋው የክሪኬት ዓይነት ነው።

ፒቹ፣ ማለትም ኳሷ የምትነጥርበት ጠባብ መሬት፣ ርዝመቱ 20 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሷ 160 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ቆዳ የለበሰች፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች። ጥሩ ፈጣን ቦውለር በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ይለቃታል። ይህ በሴኮንድ 40 ሜትር ነው። መቺው ኳሷን አይቶ፣ ወስኖ፣ እግሩን አንቀሳቅሶ እስኪመታ ግማሽ ሴኮንድ አይሞላውም።

እንግዲህ ፍጥነት ብቻ ቢሆን ወሬው አጭር ነበር። የፓኪስታኑ ሾኢብ አክታር በ2003 የዓለም ዋንጫ ላይ በሰዓት 161.3 ኪሎ ሜትር ወርውሯል። ያስፈራል። ግን በቴስት 178 ዊኬት ነው ያለው፣ አማካዩም 25.69። ሾኢብን አንደኛ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ከገጠመኝም ቡና ልጋብዘውና ልስማው።

ብዛት ብቻ ቢሆንም እንዲሁ። የእንግሊዙ ጄምስ አንደርሰን በ188 ቴስት 704 ዊኬት ጥሎ በ2024 ለንደን ውስጥ ሎርድስ ሜዳ ላይ ተሰናበተ። ዕድሜው 41 ነበር። ከፈጣን ቦውለሮች ማንም አልደረሰበትም። አማካዩ ግን 26.45 ነው። በእንግሊዝ ደመና ሥር ኳሷ በእጁ ትታዘዝ ነበር። ውጭ አገር ግን ብዙ ጊዜ ዋጋ ያስከፍለው ነበር። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። በ2021 ቼናይ ላይ በ38 ዓመቱ በአንድ ኦቨር ውስጥ የሹብማን ጊልንና የራሃኔን እንጨት ነቅሎ ሲያንከባልል አይተናል።

አማካይ ብቻ ቢሆንስ? ያኔ እንግሊዛዊው ሲድኒ ባርንስ አሸነፈን። በ27 ቴስት 189 ዊኬት፣ በ16.43። በአንድ ጨዋታ ሰባት ሰባት ዊኬት ማለት ነው፤ ቁጥሩ ቁርጥ ብሎ ይካፈላል። በ1913 እና 14 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በ4 ቴስት 49 ዊኬት ጣለ። ያ የአንድ ተከታታይ ውድድር ሪከርድ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። አምስተኛውን ጨዋታ እኮ ተጣልቶ አልተጫወተም! ግን የተጫወቱት ምንጣፍ በተነጠፈበት ፒች ላይ ነው። የዚያን ጊዜው የደቡብ አፍሪካ ቡድንም ደካማ ነበር። ፈጣን ነው ወይስ መካከለኛ የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ባርንስን ከማንም ጋር ማወዳደር አልችልም። ኮፍያዬን አንስቼለት አልፋለሁ።

ታዲያ በምን እንለካ?

የኔ መለኪያ አንድ ጥያቄ ናት። የሚረዳው ነገር ሁሉ በጠፋበት ቀን ይህ ሰው ምን ያደርጋል? አረንጓዴ ሣር ያለበት ፒች፣ አዲስ ኳስ፣ ደመና፤ እነዚህ ካሉ ብዙ ሰው ጀግና ይሆናል። ፒቹ ሲሞትስ? ኳሷ ስታረጅስ? ፀሐዩ ሲያነድስ?

ይህች ጥያቄ ትልልቅ ሰዎችን ትጥላለች። የአውስትራሊያውን ዴኒስ ሊሊን ውሰዱ። 70 ቴስት፣ 355 ዊኬት። በ1973 የጀርባ አጥንቱ ተሰነጣጥቆ አለቀለት ሲባል ራሱን እንደገና ገንብቶ የተመለሰ ሰው ነው። ለአንድ ጨዋታ አንድ ሰው ምረጥ ብትሉኝ፣ ሜዳውም ሜልበርን ከሆነ፣ ሊሊን ልመርጥ እችላለሁ። ግን በ1980 ፓኪስታን ሄዶ በ3 ቴስት 3 ዊኬት ብቻ ነው ያገኘው። ፋይሳላባድ ላይ ፒቹ ከመሞቱ የተነሳ 11ዱም አውስትራሊያውያን ወረወሩ። በረኛ ልበለውና፣ ከእንጨቱ ኋላ የሚቆመው ሮድ ማርሽ እንኳ ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። ሊሊ በዚያ ጨዋታ አንድም አላገኘም። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ቴስት ተጫውቶ አያውቅም።

የፓኪስታን ልጆች ያደጉት በእንዲህ ያለው መሬት ላይ ነው። ለዚህም ነው መድኃኒቱን ያገኙት። ሪቨርስ ስዊንግ ይባላል፤ ትንሽ ልቆይበት፣ ደስ ስለሚለኝ።

የክሪኬት ኳስ መሐሏን የሚዞር ስፌት አላት። ኳሷ አዲስ ሳለች ቦውለሩ ስፌቱን ትንሽ ጋደል አድርጎ ሲለቃት አየር ላይ ትታጠፋለች፤ ይህ ተራው ስዊንግ ነው። ተጫዋቾቹ አንዱን ጎን በላብ እያራሱ ሱሪያቸው ላይ ያሻሹታል። ቀይ የተቀባ የሚመስለው ሱሪ ከዚያ የመጣ ነው። ሌላው ጎን ይሻክራል። ኳሷ የምትታጠፈው ወደ ሻካራው ጎን ነው። መቺውም ይህን ያውቃል። የሚያብለጨልጨውን ጎን አይቶ ወዴት እንደምትሄድ ይገምታል። አሁን ፒቹ ደረቅ ነው፣ ኳሷ 50 ኦቨር አልፏታል፣ አንዱ ጎን ተፍቆ ተቦጫጭቋል እንበል። በዚህ ጊዜ በበቂ ፍጥነት ከተለቀቀች ነገሩ ይገለበጣል። ወደሚያብለጨልጨው ጎን ትታጠፋለች። ያውም ዘግይታ፣ መቺው አጠገብ ስትደርስ። እኔ ነኝ ያለ መቺ እግሩን አንስቶ ሳይጨርስ እንጨቱ ሲወድቅ ይሰማዋል።

ሳርፍራዝ ናዋዝ ጥበቡን ለኢምራን ካን አስተላለፈ። ኢምራን ደግሞ ለዋሲም አክራምና ለዋቃር ዩኒስ። ሳርፍራዝ ራሱ በ1979 ሜልበርን ላይ የሠራው ጉድ ነው። አውስትራሊያ 382 ፈልጋ 305 ደርሳለች፣ የወጡት 3 ብቻ ናቸው። ጨዋታው አለቀ ተብሎ ሰው መውጣት የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ሳርፍራዝ በ33 ኳስ 1 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 7 ሰው አስወጣ። አውስትራሊያ 310 ላይ አለቀች።

ዋሲም ግራኝ ነበር። 414 ዊኬት አለው። ከ1997 ጀምሮ ከስኳር በሽታ ጋር እየኖረ ተጫውቷል። ኳሷን እንደ ልቡ በማዘዝ ከሆነ ከእሱ በላይ አላስቀምጥም። ግን አማካዩ 23.62 ነው። አጠገቡ ያሉት ያዦች የጣሉበት ኳስ ቢቆጠር ብዙ ይቀንስ ነበር ይላሉ ወዳጆቹ። ይሆናል። የጣሉበትን ግን መዝገብ አያውቀውም።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የአውስትራሊያው ግሌን ማግራ አለ። በጣም ፈጣን አይደለም። ኳሷንም ያን ያህል አያጥፋትም። ረጅም ነው፣ ክንዱ ቀጥ ይላል፣ ኳሷን አንድ ቦታ ያሳርፋታል። እንደገና እዚያው። እንደገና እዚያው። ከእንጨቱ ጫፍ ሳንቲም ታህል ወጣ ብላ፣ ልተዋት ቢሉ የምታስፈራ፣ ልምታት ቢሉ ጠርዝ የምትነካ። ሲያዩት ይሰለቻል። የሚመታው ሰው ግን አይሰለችም፣ ያብዳል። የእንግሊዙን ማይክል አተርተንን 19 ጊዜ አስወጥቶታል። በቴስት ታሪክ አንድ ቦውለር አንድን መቺ ይህን ያህል ያስወጣበት ሌላ የለም። 563 ዊኬት፣ በ21.64።

የማግራን ዋጋ ግን በደንብ ያሳየኝ የጣለው ዊኬት ሳይሆን የቀረበት ቀን ነው። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ኤጅባስተን ሜዳ ላይ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ሲያሟሙቅ መሬት ላይ የተቀመጠች ኳስ ረግጦ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። እንግሊዝ ያንን ጨዋታ በ2 ነጥብ አሸነፈች። በዚያ ክረምት እሱ የቀረበት ሌላኛው ጨዋታ ትሬንት ብሪጅ ነው። እሱንም አሸነፈች። ውድድሩ 2 ለ 1 አለቀ። እንግሊዝ ያሸነፈቻቸው ሁለቱም እሱ የሌለባቸው ናቸው። አንዲት ተንከባላይ ኳስ!

እሺ፣ ወደ ሦስቱ ቁጥሮች ልመለስ።

ጋርነር ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ነው። አምብሮስ 2 ሜትር ከ1። ኳሷ ከሰገነት የምትወረወር ትመስላለች። የአምብሮስን ፐርዝ 1993 ሳልናገር ብወርድ አትለቁኝም፤ አውስትራሊያ 2 ሰው ብቻ ወጥቶባት 85 ነጥብ ላይ ነበረች፣ 119 ላይ አለቀች። እሱ በ32 ኳስ 1 ነጥብ ሰጥቶ 7 ሰው አስወጣ። በዓመቱ ትሪኒዳድ ላይ እንግሊዝ 194 ልታሳድድ ገብታ 46 ላይ ስትለቀም የመጀመሪያዋ ኳስ ላይ አተርተንን ያስወጣው እሱ ነው። አተርተን ምስኪን፤ በአንዱ አህጉር ማግራ፣ በሌላው አምብሮስ።

ማርሻል አጠገባቸው ሲቆም ትንሽ ልጅ ይመስላል። 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። የቁመት ጸጋ አልተሰጠውም። እና ሁሉንም ነገር መማር ነበረበት። አጣዳፊ ሩጫ፣ ፈጣን ክንድ፤ ኳሷን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሲያጥፍ አለቃቀቁ አይለይም። ባውንሰሩ፣ ማለትም መሬት ነጥራ ወደ ላይ የምትነሳው ኳሱ፣ ከፍ ብላ አታልፍም፣ ተንሸራትታ ጉሮሮ ላይ ትመጣለች።

አሁን የኔን ጥያቄ እንጠይቅ። ጋርነር ሕንድ ውስጥ አንድም ቴስት አልተጫወተም። አምብሮስም እንዲሁ። ጥፋታቸው አይደለም፤ አልገጠመላቸውም። ማርሻል ግን በ1983 ሄደ። ሕንድ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዌስት ኢንዲስን ረትታ የዓለም ዋንጫ አንስታለች። አገሩ በደስታ ሰክሯል። መሬቱ ለፈጣን ቦውለር የማይመች ነው። ካንፑር ላይ፣ በመጀመሪያው ቴስት፣ የማርሻል ኳስ የሱኒል ጋቫስካርን መምቻ ከእጁ አስጣለችው። ጋቫስካር እኮ በዚያን ጊዜ ለመከላከል ጥበብ መለኪያ ተደርጎ የሚታይ ሰው ነው። መምቻው መሬት ላይ፣ ኳሷ በያዥ እጅ። በ6 ቴስት ማርሻል 33 ዊኬት ጣለ። ዌስት ኢንዲስ 3 ለ 0 አሸነፈች። ለኔ 20.94ን ከ20.99 የሚለየው ይህ ነው።

ያም ሆኖ ሰው ማርሻልን የሚያስታውሰው በሌላ ቀን ነው። ሐምሌ 1984፣ ሊድስ። በመጀመሪያው ጠዋት የክሪስ ብሮድን ምት ሊያግድ እጁን ሰደደ። የግራ አውራ ጣቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ክሪስ ብሮድ፣ ለማታውቁት፣ በኋላ 604 ዊኬት የጣለው የስቱዋርት ብሮድ አባት ነው። ማርሻል እጁ በጀሶ ታሸገ። ከእንግዲህ አይጫወትም ተባለ።

የዌስት ኢንዲስ ዘጠነኛ ሰው ሲወጣ ላሪ ጎሜዝ 96 ላይ ነው። ለመቶ 4 ቀርቶታል፣ አጋር ግን የለውም። አለቀ ብሎ ወደ ውጭ መራመድ ጀመረ። በዚህ መሐል ማርሻል እየሳቀ ከመልበሻ ክፍሉ ብቅ አለ። ግራ እጁ በነጭ ተጠቅልሏል፣ በቀኙ መምቻ ይዟል። በአንድ እጁ ቆመ። አንዷን ኳስ እንዲያውም በአንድ እጁ መትቶ ድንበር አሳለፋት። ጎሜዝ መቶውን ሞላ፤ 104 ሳይወጣ።

ሰው አጨብጭቦ ሳይጨርስ ማርሻል ኳስ ጠየቀ። ቀኝ እጁ እኮ ደህና ነው! 26 ኦቨር ወረወረ። በፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ ኳሷን እያጠፈ፣ እየቆራረጠ ነበር። ግሬም ፋውለር መልሶ የመታትን ኳስ ራሱ በአንድ እጁ ያዛት። 7 ለ 53፤ ማለትም 53 ነጥብ ሰጥቶ 7 ሰው አስወጣ። እንግሊዝ 159 ላይ አለቀች። በ1988 እንደገና እንግሊዝ ሄዶ በ5 ቴስት 35 ዊኬት ጣለ፣ በ12.65። ያኔ ሩጫው ቀንሶ ብልሃቱ ጨምሮ ነበር። በ1999፣ በ41 ዓመቱ፣ በአንጀት ካንሰር ሞተ።

ስለዚህ ምርጫዬ ማርሻል ነው።

ሙግቱን አውቀዋለሁ፤ ጠንካራ ነው። "ማርሻል ሲደክመው ሆልዲንግ አለ፣ ጋርነር አለ፣ በኋላም ዋልሽና አምብሮስ አሉ። መቺው የሚያርፍበት ጫፍ የለም። ብቻውን የወረወረውስ?" ብቻውን የወረወረው የኒውዚላንዱ ሪቻርድ ሃድሊ ነው። 86 ቴስት፣ 431 ዊኬት፣ በ22.29። በጨዋታ 5 ዊኬት ይሆናል። ማርሻል 4.6 ነው። መቺዎች የሃድሊን ኦቨር በጥንቃቄ አሳልፈው ሌሎቹ ላይ መዘዙን ያወርዱ ነበር። እንዲያም ሆኖ አልቻሉትም። በ1985 ብሪዝበን ላይ አውስትራሊያን 9 ለ 52 ጠረጋት። የቀረው አንዱ ሰው በሌላ ቦውለር ኳስ ነው የወጣው፤ ኳሷን የያዘው ግን ማን ነው? ሃድሊ። ቢተዋት አሥሩንም ራሱ የማስወጣት ዕድል ነበረው፤ ያዛት እንጂ። የኔም ፈተና አይጥለውም። በ1988 ቦምቤይ ላይ፣ 37 ዓመት ሞልቶት፣ 10 ዊኬት ጥሎ አሸንፏል።

ለሙግቱ ግማሽ መልስ አለኝ። አራት አንበሳ ባለበት ሥጋውም ይከፋፈላል። ማርሻል ዊኬቱን ከነሆልዲንግ ጋር ተሻምቶ ነው ያገኘው። ግማሹ ግን ልክ ነው፤ አልክድም። ሌሊት ተነስታችሁ ብትጠይቁኝ ሃድሊ ልል እችላለሁ።

ስለ ደቡብ አፍሪካው ዴል ስቴይን ባጭሩ። አንድ ዊኬት በ42.3 ኳስ። ማርሻል 46.7፣ ማግራ 51.9። ይህን የሠራው ለመቺ በተመቸ ዘመን ነው። አህመዳባድ 2008 ላይ ሕንድን 76 ላይ ሲያስቀራት 5 ለ 23፣ ናግፑር 2010 ላይ ደግሞ 7 ለ 51። አማካዩ 22.95 ባይሆን ኖሮ ወንበሩን ይነጥቅ ነበር። አንድ ጓደኛዬ "ኳስ ይቆጠር እንጂ ነጥብ ለምን ይቆጠራል?" ይለኛል። እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም።

የቀረው የሕንዱ ጃስፕሪት ቡምራ ነው። አጭር ሩጫ፣ እንደ በትር ቀጥ ያለ ክንድ። ታኅሣሥ 2024 ሜልበርን ላይ 200 ዊኬት ሞላ። 200 ሲሞላ አማካዩ ከ20 በታች የሆነ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። በዚያ የአውስትራሊያ ጉዞ በ5 ቴስት 32 ዊኬት ጣለ፣ በ13.06። የመጨረሻው ጨዋታ ሲድኒ ላይ፣ አውስትራሊያ 162 ልታሳድድ ስትገባ ግን ጀርባው አልታዘዘውም። ሲወረውር ማየት የለመድነው ሰው ተቀምጦ ተመለከተ። አውስትራሊያም አሸነፈች። ገና ይጫወታል። ዛሬ ደረጃ አልሰጠውም።

ጨረስኩ። አሁን ጥያቄ። ከኋላ ያላችሁ የሃድሊ ደጋፊዎች፣ ገና ማርሻል ስል ነው እጃችሁን ያወጣችሁት፤ ከእናንተ እንጀምር።